የፎቶግራፍ ጠርዝ ሲሻክር፤ ከጉርድ ፎቶ እስከ ትክል ድንጋይ

በዲላ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀውን አስፋልት ተከትለው ከተደረደሩት ሱቆች መካከል «ፎቶ ቤት» ወይም «ኮፒ ቤት» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ማግኘት አያስቸግርም። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ፣ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምረቃ ፎቶ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የሱቅ ባነር፣ ለቅሶ ቤት የሚሰቀል ትልቅ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም የሚያልፈው በአንድ ኮምፒዩተር በኩል ነው። ሥራው ቢለያይም ባለሙያውን የሚያስቸግረው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰውየውን ከቆመበት ስፍራ ቆርጠው አውጥተው ሌላ ባክግራውንድ ላይ ሲያስቀምጡት የትከሻው መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል፤ በፀጉሩም ዙሪያ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይቀራል።

ደንበኛው ምክንያቱን ባያውቀውም «የተለጠፍኩ እመስላለሁ» ማለቱ አይቀርም። ለመሆኑ ይህ ጥርስ ከየት ይመጣል? በፎቶሾፕ ወይም በነፃ በሚገኘው ጂምፕ እንዴት ይለሰልሳል? ከሁሉም በላይ ደግሞ መለስለስ የሌለበት ጠርዝ የትኛው ነው? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይመለከታል።

ጠርዝ ለምን ይሻክራል?

ዲጂታል ምስል የተሠራው ፒክስል ከሚባሉ ትናንሽ አራት ማዕዘን ነጥቦች ነው። እያንዳንዱ ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል። በነጠላ ላይ ያለ ጥለትን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከሩቅ ሲታይ ያለ እንከን የተሰመረ የሚመስለው ሰያፍ መስመር፣ አጠገቡ ሲደርሱ በክር በክር እየተቆጠረ እንደ ደረጃ የሚወጣ መሆኑ ይታያል። ዲጂታል ፎቶግራፍም ቀጥ ያለውንና አግድም የሆነውን መስመር ያለ ችግር ሲያሳይ፣ ሰያፉንና ክቡን ግን በደረጃ ነው የሚሠራው።

ካሜራ ይህን ደረጃ የሚደብቀው በመካከለኛ ቀለም ነው። ጥቁር ፀጉር ከነጭ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለ ፒክስል ግማሹ ፀጉር፣ ግማሹ ግድግዳ ቢሆን ካሜራው ግራጫ አድርጎ ይመዘግበዋል። ዓይናችን ግራጫዋን ነጥብ ለይቶ ስለማያያት መስመሩ የለሰለሰ ይመስለናል። በኮምፒዩተር ሲሠራም ዘዴው ያው ሲሆን አንቲ ኤልያሲንግ ይባላል። ስለዚህ ጠርዝ ሻከረ ማለት በአብዛኛው እነዚህ መካከለኛ ነጥቦች ጠፍተዋል፣ አለያም ከቦታቸው ውጪ ሆነዋል ማለት ነው። የሚጠፉባቸው መንገዶች በርካታ ቢሆኑም ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው፡-

1. አቆራረጥ። ማጂክ ዋንድ የሚባለው መሣሪያ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ፒክስሎች መርጦ ያወጣል። አንቲ ኤልያሲንግ የሚለው ሳጥን ምልክት ካልተደረገበት እያንዳንዱ ፒክስል ወይ ሙሉ በሙሉ ይቀራል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይቆረጣል። መሐል የሚባል ነገር የለም።

2. ከአቅም በላይ ማሳደግ። ትንሽ ፎቶ ለባነር ሲለጠጥ እያንዳንዱ ፒክስል በዓይን የሚታይ ካሬ ይሆናል።

3. ጄፔግን ደጋግሞ ማስቀመጥ። ጄፔግ የፋይሉን መጠን የሚቀንሰው ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ክፍሎች ከፋፍሎ ዝርዝሩን በመጣል ነው። ተከፍቶ፣ ተስተካክሎ፣ በተቀመጠ ቁጥር በጠርዙ ዙሪያ ቆሻሻ የሚመስል ነጠብጣብ ይጨምራል።

4. የፋይል ዓይነት። ጂፍ የሚባለው ፋይል አንድን ፒክስል ወይ ግልጽ፣ ወይ ሙሉ ቀለም ያለው ከማድረግ በቀር ከፊል ግልጽነትን አያውቅም። ተቆርጦ የወጣ አርማ ወይም ምስል በፒኤንጂ ቢቀመጥ ግን የለሰለሰ ጠርዙ ይጠበቃል።

አስቀድሞ ማስላት

ጠርዝ ለማለስለስ ከመቀመጥ በፊት ምስሉ ለታሰበው መጠን ይበቃ እንደሆነ ማስላት ከብዙ ድካም ያድናል። በእጅ ተይዞ ለሚታይ ፎቶግራፍ የተለመደው መለኪያ በኢንች 300 ፒክስል ነው። በዚህ ስሌት 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ 354 በ472 ፒክስል፣ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ደግሞ 1,181 በ1,772 ፒክስል ይፈልጋል።

አሁን አንድ ተማሪ 1,600 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ ይዞ መጣና 3 ሜትር ስፋት ያለው የምረቃ ባነር ይሠራልኝ አለ እንበል። ሦስት ሺህ ሚሊ ሜትር ለ1,600 ሲካፈል እያንዳንዱ ፒክስል ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ባነሩ ከመንገድ ማዶ ለሚያየው ሰው ምንም አይደለም። አዳራሽ በር ላይ ቆሞ አብሮት ፎቶ ለሚነሳው ዘመድ ግን ጥርሱ ይታያል። እዚህ ላይ መፍትሔው ፊልተር ሳይሆን ወይ ፎቶውን አሳንሶ ጽሑፉን ማስፋት፣ ወይም ዋናውን ፋይል መጠየቅ ነው።

ዋናውን ፋይል መጠየቅ የሚለው ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ደንበኛው በቴሌግራም የላከው ፎቶ በመንገድ ላይ የተጨመቀ ነው። በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ እንዲልክ፣ ካልሆነም በፍላሽ እንዲያመጣ መንገር በኋላ ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ ያስቀራል።

በፎቶሾፕ ደረጃ በደረጃ

ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ጠርዝ የሚለሰልስበት መንገድ ደጋግሞ ተሻሽሏል። በጥንቶቹ ስሪቶች ዋናው መሣሪያ ፌዘር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሲኤስ3 ሪፋይን ኤጅ መጣ፤ በ2016 ደግሞ ሴሌክት ኤንድ ማስክ የሚባለው ተተካ። የቆየ ኮምፒዩተር ላይ የቆየ ስሪት የሚጠቀም ባለሙያም ቢሆን ስሙ ይለያይ እንጂ የሚከተለውን አካሄድ ሊከተል ይችላል።

1. የፎቶውን ቅጂ በፒኤስዲ ያስቀምጡ። ዋናው ጄፔግ አይነካ።

2. ሰውየውን ይምረጡ። ኮት፣ ገዋን፣ የግድግዳ ማዕዘን የመሳሰለ ጥርት ያለ መስመር ያለው ነገር በፔን ቱል ቢከበብ ከሁሉም የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን መስመሩ ከመጀመሪያውም ለስላሳ ሆኖ ይወጣል።

3. የተመረጠውን አይሰርዙ፤ ሌየር ማስክ ያድርጉበት። ማስክ ባክግራውንዱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ስህተት ከተፈጠረ በነጭ ብሩሽ ይመለሳል፣ በጥቁር ይሸፈናል።

4. በሴሌክት ኤንድ ማስክ ውስጥ ስሙዝ የሚለውን በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ፤ ደረጃዎቹን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ፌዘርን ለጉርድ ፎቶ ከግማሽ እስከ 1 ፒክስል ባለው ይወስኑ። ሺፍት ኤጅ የሚለውን ከዜሮ በታች ወደ 10 ወይም 20 በመቶ ቢያወርዱት ጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባና ነጩ ክር ይቆረጣል።

5. አሁንም ነጭ ወይም ጥቁር ክር ከቀረ ማስኩን በሌየሩ ላይ ያጽድቁና ከሌየር ዝርዝር ውስጥ ማቲንግ፣ ቀጥሎም ዲፍሪንጅ የሚለውን በ1 ፒክስል ይጠቀሙ። ይህ መሣሪያ የጠርዙን ቀለም ከውስጥ በኩል ባለው ቀለም ይተካዋል። ማጽደቁ የማይመለስ ስለሆነ አስቀድሞ የሌየሩን ቅጂ ማስቀረት ይገባል።

በጥርስ የተሞላ ማስክ ሲያጋጥም በአሮጌውም በአዲሱም ስሪት የሚሠራ አንድ ዘዴ አለ። ማስኩ ላይ ብቻ ሆነው ጋውሲያን ብለር በ2 ፒክስል ይስጡት። ጠርዙ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ኮንትሮልና ኤልን ተጭነው ሌቭልስን ይክፈቱና ጥቁሩን ምልክት ወደ ቀኝ፣ ነጩን ወደ ግራ ያቀራርቡ። የደበዘዘው ጠርዝ ተመልሶ ይጠነክራል፤ ጥርሱ ግን ከድብዘዛው ጋር ሄዷል። ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ ወደ ቀኝ ካስጠጓቸው ምስሉ በጥቂቱ ይጠባል፤ ወደ ግራ ካስጠጓቸው ይሰፋል።

በዚህ ሥራ የተለመደው ስህተት መብዛት ነው። ፌዘር 5 ወይም 10 ፒክስል የተሰጠው ጉርድ ፎቶ ጥርሱ ጠፍቶለት ሰውየው ጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ምስሉን በመቶ በመቶ መጠኑ እያዩ መሥራት፣ ከዚያም በታሰበው የወረቀት መጠን አንድ ናሙና አትሞ ማየት ይህን ያስቀራል። ስክሪኑ ላይ 400 በመቶ ተጠግቶ የሚታይ ጥርስ ወረቀት ላይ ላይኖር ይችላል።

በጂምፕ

እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ የቀረበው ጂምፕ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን ዝቅተኛ አቅም ባለው ኮምፒዩተርም ይሠራል። አዶቤ ከ2013 ጀምሮ ፎቶሾፕን በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ኪራይ ብቻ ማቅረብ ስለጀመረ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ ለሌለው ትንሽ ፎቶ ቤት ጂምፕ ሕጋዊ አማራጭ ነው።

አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ፈዚ ሴሌክት የሚባለው መሣሪያ ሲመረጥ ከሥሩ አንቲ ኤልያሲንግ እና ፌዘር ኤጅስ የሚሉ ሳጥኖች ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ምልክት ይደረግበት። ከተመረጠ በኋላ ሴሌክት ከሚለው ዝርዝር ሽሪንክ በ1 ፒክስል፣ ቀጥሎ ፌዘር በ1 ወይም 2 ፒክስል ይሰጡና ሌየር ማስክ ይጨምሩበታል። የብለርና የሌቭልስ ዘዴውም እዚህ ሳይለወጥ ይሠራል። ሥራው ሲያልቅ በጂምፕ የራሱ ፋይል በኤክስሲኤፍ ማስቀመጥ ነገ ደንበኛው «ኮቱን ቀይርልኝ» ሲል ከሀ ከመጀመር ያድናል።

ፀጉር፣ ሹሩባና የእንሰት ቅጠል

የኮት ትከሻ አንድ መስመር ነው፤ ፀጉር ግን በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ነው። ጎፈሬ ወይም አፍሮ ፀጉር በፔን ቱል ሲከበብ ቆብ የተደፋ ይመስላል፤ ሹሩባ ደግሞ ከግንባር ዳር ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች ሲቆረጡበት የተሠራበት ድካም ሁሉ ይጠፋል። ለዚህ በሴሌክት ኤንድ ማስክ ውስጥ ያለውን የሪፋይን ኤጅ ብሩሽ በፀጉሩ ዳር ብቻ ማስኬድ፣ ፊትና ትከሻን ግን በጠንካራው ጠርዝ መተው ይመከራል። አንድ ዓይነት ፌዘር ለመላው ሰውነት መስጠት አይሠራም።

ከሁሉም የሚቀለው ግን ከካሜራው ፊት የሚሠራው ሥራ ነው። ሰውየው ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቢቆም ጥላው አይወድቅም። ባክግራውንዱ ከፀጉሩ ቀለም ጋር በደንብ የሚለይና ብርሃኑ የተስተካከለ ቢሆን ግማሹ ሥራ አልቋል ማለት ነው።

በጌዴኦ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥር እንሰትና ቡና፣ በቅጠሎቹ መሐል የሚያልፍ የተበጣጠሰ ብርሃን። እንሰት ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ጠርዙ ይተረተራል። ነጭ ቬሎ ከዚህ መሐል ተቆርጦ ሲወጣ በጨርቁ ዳር የአረንጓዴ ነጸብራቅ ይዞ ይመጣል። ዲኮንታሚኔት ከለርስ የሚለው ሳጥን ይህን ቀለም ያነሳዋል። ነገር ግን ሙሽሮቹን ከእንሰቱ ቆርጦ የባሕር ዳርቻ ላይ ከማስቀመጥ በፊት ያለበት ሥፍራ ራሱ ከየትኛውም ተለጣፊ ሥዕል እንደማይበልጥ ደንበኛውን መጠየቅ አይከፋም።

አንድ ፎቶ ብቻ ሲኖር

በፎቶ ቤት ሥራ ውስጥ ከሁሉም የሚከብደው ለለቅሶ የሚታዘዘው ነው። ቤተሰብ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከሟች መታወቂያ ላይ ያለችውን አንዲት ጉርድ ፎቶ ነው። ማኅተሙ ከፊል ትከሻዋ ላይ አርፏል፤ ዳርዋ ታጥፏል፤ ቀለሟ ለቋል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ቤት ሲቃጠል ወይም ሲተው አልበምም አብሮ ይቀራል። እንዲህ ላለ ቤተሰብ ያቺ ጉርድ ፎቶ ቅጂ የላትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ፎቶውን ከመታወቂያው ላይ አለመላጥ ነው። ከነመታወቂያው ስካን ይደረግ። በ300 ሳይሆን በ1,200 ይሁን። ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነው ፎቶ በ300 ሲነሳ 354 ፒክስል፣ በ1,200 ሲነሳ ግን 1,417 ፒክስል ይወጣዋል። የመጀመሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሆኖ ሲታተም በኢንች 30 ፒክስል ብቻ ይቀረዋል፤ አገጩና ጆሮው በደረጃ ይሠራሉ። ሁለተኛው በዚያው ስፋት 120 ይሆናል። ቤተሰቡ ተስማምቶ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር አሳትሞ በሰፊ ነጭ ህዳግ ቢከበው ደግሞ ወደ 240 ይደርሳል፤ በትልቅ ፍሬም ውስጥ ገብቶም ክብሩን ይጠብቃል። ሲሰፋ ኒረስት ኔይበር የሚለውን ትቶ ቢኪዩቢክ የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ማኅተሙን ማንሳት፣ ጭረቱን መሙላት፣ የኮቱን ዳር ማለስለስ ይቻላል። ፊት ላይ ግን እጅ መሰብሰብ ይገባል። የግንባር መስመር፣ የጉንጭ ጠባሳ፣ የዓይን ሥር እጥፋት ጉድለት አይደሉም። በአሁኑ ጊዜ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞች ደብዛዛ ፊትን በሰከንድ ውስጥ ጥርት አድርገው ያወጣሉ። የሚያወጡት ግን ፎቶው ውስጥ የነበረውን አይደለም፤ ከሌሎች ብዙ ፊቶች ተምረው የገመቱትን ነው። ውጤቱ ለማያውቀው ያምራል። ለልጆቹ ግን የሌላ ሰው አባት ሊሆንባቸው ይችላል። ይህን የተጠቀመ ባለሙያ ሁለቱንም ጎን ለጎን አሳይቶ ቢያስመርጥ ታማኝነት ነው።

ለስላሳ መሆን የሌለበት ጠርዝ

ለቪዛ የሚነሳ ፎቶ ሌላ ሕግ አለው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቪዛ በሚቀርብ ፎቶ ላይ በኮምፒዩተር የተደረገ ለውጥን አይቀበልም። የዲቪ ሎተሪ ምዝገባ በተካሄደባቸው ዓመታት የወጡት መመሪያዎችም ፎቶው 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎ ባይት ያልበለጠ፣ በነጭ ወይም ወደ ነጭ በሚጠጋ ባክግራውንድ ላይ የተነሳ እንዲሆን ይጠይቁ ነበር። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ከሰማያዊ መጋረጃ ፊት የተነሳን ፎቶ ቆርጠው ነጭ ላይ በመለጠፍ ነው። ጆሮ ይሸረፋል፣ ፀጉር ይላጫል፣ በጭንቅላቱ ዙሪያ ክር ይቀራል። ጠርዙ የቱንም ያህል ቢለሰልስ ለውጡ ለውጥ ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ አመልካቹ እንጂ ፎቶ ቤቱ አይደለም። መፍትሔው አንድ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሮ እንደገና ማንሳት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከራሱ ከጌዴኦ ምድር ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባዔ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የትክል ድንጋዮቹ ምስል በፖስተር፣ በብሮሸርና በቲሸርት ላይ መታየቱ አይቀሬ ነው። በቱቱ ፈላ ብቻ ወደ 300 የሚጠጉ ትክል ድንጋዮች አሉ። ከእነሱም መካከል የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ የሳካሮ ሶዶ ትክል ድንጋዮች ቀደም ሲል ይታሰብ ከነበረው በአንድ ሺህ ዓመት ገደማ የቀደሙ፣ ወደ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን የሚጠጉ መሆናቸውን አመልክቷል።

እንዲህ ያለ ድንጋይ ከፎቶግራፍ ሲቆረጥ ስሙዝ የሚለውን መሣሪያ ከፍ ያደረገ ሰው ሳያውቀው ድንጋዩን እንደገና እየጠረበ ነው። የተሸረፈው ጫፍ፣ የመጥረቢያው ምት፣ በዳሩ የበቀለው ሽበት የመሰለ ሙጫ፣ ሁሉም የኮምፒዩተር ጥርስ ሳይሆን የድንጋዩ ታሪክ ነው። ተመራማሪ ድንጋዩ እንዴት እንደተጠረበና ምን እንደደረሰበት የሚያነበው ከዚያ ነው። ስለዚህ ለፖስተር የሚቆረጠው ቅጂ ላይ ፌዘር ከ1 ፒክስል አይለፍ፤ ስሙዝ ዜሮ ላይ ይቀመጥ፤ ለመዝገብ የሚቀመጠው ዋናው ፎቶ ደግሞ ከነሣሩና ከነሰማዩ፣ አጠገቡ መለኪያ ተቀምጦ፣ ያለ ምንም ንክኪ ይቆይ።

የፊደል ጠርዝ

በመጨረሻ ስለ ጽሑፍ። ይርጋጨፌ የሚለው ስም በቡና ገበያ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለመረዳት የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቱንና በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ መድረሱን ማስታወስ ይበቃል። ስሙ እንዲህ የሚከበር ከሆነ በከረጢቱ ላይ የሚጻፍበት ፊደልም ጥርስ ማውጣት የለበትም።

የግዕዝ ፊደል ትርጉሙን የሚሸከመው በትንሽ ቅጥያ ነው። «በ» እና «ቡ»ን የምትለየው አንዲት አጭር ጭረት ናት። ትንሽ ተደርጎ የተጻፈ ቃል ወደ ምስል ተቀይሮ ከተለጠጠ በኋላ ጥርሱን ለመሸፈን ብለር ሲሰጠው ጭረቷ ትጠፋና «ቡና» የነበረው «በና» ሆኖ ይታተማል። ስለሆነም ጽሑፍን እስከ መጨረሻው ድረስ በጽሑፍነቱ ማቆየት፣ ለባነርና ለከረጢት የሚሆነውን ደግሞ እንደ ኮረል ድሮው፣ ኢለስትሬተር ወይም ነፃ የሆነው ኢንክስኬፕ ባሉ በመስመር በሚሠሩ ፕሮግራሞች ማዘጋጀት ይገባል። በእነዚህ የተሠራ ፊደል የፈለጉትን ያህል ቢያሳድጉት ጥርስ አያወጣም።

ሲጠቃለል፣ ለስላሳ ጠርዝ የሚገኘው በአንድ ቁልፍ ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው። በቂ ፒክስል ያለው ፋይል፣ በጥንቃቄ የተሠራ ማስክ፣ ከ1 ወይም 2 ፒክስል ያልበለጠ ፌዘር፣ በመጨረሻም በወረቀት ላይ የታየ ናሙና። ኮምፒዩተሩ ያመጣውን ጥርስ ማንሳት የባለሙያው ድርሻ ነው። ሰውየው ወይም ድንጋዩ ይዞት የመጣውን ጠርዝ ግን እንዳለ ማስረከብ ይኖርበታል።